የአሥራ አራት ቁጥር ከረጢቶች

ሥራ ያቆምኩት ጣቶቼ እምቢ ስላሉኝ ነው። ብዙ ዓመት ጨው ውሃ ውስጥ የኖረ እጅ ሙቁንና ቀዝቃዛውን መለየት ቀስ በቀስ ይተዋል። አንድ ጠዋት እጄን ገንዳ ውስጥ ነክሬ ውሃው ደህና ነው አልኩ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ደህና አይደለም አለ። በሳምንቱ ሲደገም ሰው ሳያውቅብኝ ቀድሜ ለአለቆቼ ነገርኩ። ወረቀቱ ቶሎ አለቀ። ኬክ ተቆረሰ፤ ሁሉም የፈረሙበት ካርድ ተሰጠኝ፤ ቦት ጫማዬን በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

አሁን የምውለው ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰዎች "አስቴር፣ ያን የዓሣ ቤት ሥራሽን ተውሽው አሉ" ይሉኛል። የዓሣ ቤት አልነበረም። አንድ ዓሣ ሸጬ አላውቅም። ስለዚህ የሠራሁትን በራሴ እጅ ልጻፈው አልኩ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ልጄ ሳራ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትጽፍም፤ የሚያርምልኝ ሰው የለም። የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የቀናሁባት አንዲት ሴት አለች። መጋቢያችን ስለ ቅናት ሲሰብክ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አያለሁ። ስለ ሥራዬ አውርቼ እሷን መዝለል ግን አልችልም።

መጋዘናችን አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ኦቤትስ የሚባል ቦታ ነበር፤ ግራና ቀኙ የትራክ ማቆሚያና የዕቃ ማከፋፈያ ነው። ከውጭ ሲያዩት ጎማ የሚከማችበት ይመስላል። ውስጡ ግን በተርታ የተደረደሩ ሰፋፊ ገንዳዎች፣ ከላያቸው ሰማያዊ መብራት፣ የማያርፍ የፓምፕ ድምፅ ነው። ገንዳዎቹ ውስጥ ያለው ኮራል ነው። ኮራል ለማያውቀው ሰው ድንጋይ ላይ የበቀለ አበባ ይመስላል፤ እሱ ግን እንስሳ ነው። ይበላል፣ ያድጋል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። ባሕር ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ እየበቀለ እንደ ግንብ ሲቆለል ሪፍ ይባላል። ዓሣ የሚራባው እዚያ ነው፤ ማዕበልም መንደር ሳይደርስ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

የእኛ ኮራል የሚመጣው ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ከአንዷ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ መንደሩ ትንሽ ስለሆነ ሴትዮዋ ወዲያው ትታወቃለች። የመንደሩ ሰዎች ሪፉ እየሳሳ ዓሣውም እየጠፋ ሲሄድ ተሰብስበው የሪፉን ግማሽ ዘጉት። መዝጋት ማለት እዚያ ማንም አያጠምድም፣ ማንም ኮራል አይሰብርም ማለት ነው። በምትኩ ሴቶቹ ማዕበል የሰባበረውን ቅንጥብጣቢ እየለቀሙ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በብረት አልጋ ላይ እያሰሩ ያሳድጋሉ። ሲደርስ ቆርጠው ይልኩልናል። እኛ ተቀብለን እስኪያገግም ጠብቀን ለትምህርት ቤቶች፣ ለሙዚየሞች፣ ቤታቸው አኳሪየም፣ የመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ ላላቸው ሰዎች እናስተላልፋለን። ሪፉን ዘግተው ለመቆየት አቅም የሚሰጣቸው ይህ ሥራ ነው። በየዓመቱ ይሰበሰቡና ይዘጋ ወይስ ይከፈት ብለው ይመክራሉ። የላኩት ኮራል እየሞተ የሚደርስ ከሆነ ግን፣ ይዘጋ ለሚለው ሰው የሚናገረው ነገር ያጥረዋል።

እዚህ ሥራ የገባሁት በሳህን አጣቢነት ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካ እንደመጣሁ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠፍኩ። ከዚያ ሾርት ኖርዝ በሚባለው ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ምግብ ቤቱ መሃል ትልቅ አኳሪየም ነበር፤ ከማጠቢያው በር በኩል ይታየኛል። እኔ ደግሞ የማየውን ነገር መተው የማልችል ሰው ነኝ። ምድጃ መዘጋቱን ሦስት ጊዜ ሳላይ ከቤት አልወጣም፤ የሳራ አባት በትራኩ ሌላ ስቴት ደርሶ ካልደወለ እህል አይወርድልኝም። አኳሪየሙ ውስጥ ጣት የሚመስል ሐምራዊ ነገር ነበር። አስተናጋጆቹ ጠረጴዛ ላይ ሳሙና እየረጩ ሲወለውሉ ጣቶቹን ይሰበስባል፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይዘረጋል። ይህንን ሦስት ሳምንት አየሁ።

አኳሪየሙን የሚያጸዳው ዋልት የሚባል ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ነበር፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል። እንግሊዝኛዬ ጥቂት ስለነበር በእጄ አሳየሁት። የሳሙናውን ጠርሙስ አነሳሁ፣ ረጨሁ፣ ጣቶቼን ጨበጥኩ። ከዚያ ጠርሙሱን አስቀምጬ ጣቶቼን ፈታሁ። አልሳቀም። አስተናጋጁን ጠርቶ ከአኳሪየሙ አጠገብ ሳሙና እንዳይረጩ አደረገ። በሁለተኛው ማክሰኞ ሲመጣ ሐምራዊው ነገር እንደተዘረጋ ውሎ አየው። ያኔ እዚህ ስንት ይከፍሉሻል ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እኔ በሰዓት አንድ ዶላር ጨምሬ እከፍልሻለሁ፣ ቦት ጫማ ይዘሽ ነይ አለኝ።

ዋልት ወጣት ሳለ ደሴቶቹ ላይ ብዙ ዓመት ኖሯል። የብረት አልጋውን አሠራር ከመንደሮቹ ሴቶች ጋር አብሮ የሞከረ ሰው ነው። ጀርባው ሲያመው ተመልሶ ኦሃዮ ገባና ኮራሉን የመቀበሉን ሥራ ያዘ። ልማዱን አሁንም ስዘረዝር እገኛለሁ። ገንዳ ከመንካቱ በፊት እጁን እስከ ክርኑ በውሃ ብቻ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ሎሽን የተቀባ ሰው መጋዘኑ ውስጥ አያስገባም። ከረጢት ሲከፍት ከማየቱ በፊት ያሸታል። አንድ ነገር ሲሞት ደግሞ ባልዲ ደፍቶ ገንዳው አጠገብ ይቀመጣል። ማን ገደለው አይልም። እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ያየዋል። ከቆየ በኋላ "ከመሞቱ በፊት ምን አደረግን?" ይላል። "አደረግን" ነው የሚለው፤ "አደረግሽ" ብሎኝ አያውቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዱ የመልስ ወረቀቱ ነው። ድሮ ኮራል የሚገዙ ሰዎች ለመንደሮቹ ምንም አይነግሩም ነበር አለኝ፤ ከተላከው ምን ያህሉ እንደደረሰ፣ የትኛው እንደሞተ፣ ለምን እንደሞተ አያውቁም። ዋልት ለእያንዳንዱ ጭነት ወረቀት አዘጋጀ። እያንዳንዷ አሻጊ ሴት ቁጥር አላት፤ ቁጥሯ ከረጢቱ ላይ ይጻፋል። እኛ በቁጥሩ ፊት ስንት በሕይወት እንደደረሰ፣ ስንት እንደሞተ፣ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ምክንያቱን በእርሳስ እንሞላለን። እኔ በእጄ እሞላለሁ፤ ሳራ እሁድ እንግሊዝኛውን አቃንታ በኮምፒውተር ትገለብጠዋለች፤ ዋልት ይልከዋል። በዚህ ወረቀት ምክንያት ሴቶቹ የትኛው ዓይነት መንገድ እንደማይችል አወቁ፤ ቀስ ብሎ የሚያድገውንም ኮራል መቁረጥ ተዉ። በመንደሩ ስብሰባ ላይ ወረቀቱ ይነበባል። ክብደቱን አውቅ ነበር ለማለት ነው ይህን የምጽፈው።

አሥራ አራት ቁጥር የሎሳ ነው።

ሎሳን ያወቅኳት በእጇ ሥራ ነው። ኮራሉ በከረጢቱ ውስጥ ላስቲኩን እንዳይነካ ከስፖንጅ ቁራጭ ጋር ይታሰርና ተዘቅዝቆ ይንሳፈፋል። ሌሎቹ ስፖንጁን አራት ማዕዘን አድርገው ይቆርጡታል። ሎሳ ግን ማዕዘኑን ክብ ታደርገዋለች፣ ሹሉ ላስቲኩን እንዳይበሳው። የከረጢቷን አፍ ጠምዝዛ፣ አጥፋ፣ በሁለት ላስቲክ ታስረዋለች። ከአምስት አውሮፕላን ማረፊያ በኋላ የሷ ከረጢት አያንጠባጥብም። ዋልት ሳጥን ሲከፍት መጀመሪያ አሥራ አራት ቁጥርን ይፈልጋል። ካገኘ በኋላ ከረጢቱን ወደ መብራቱ አንስቶ፣ "እጇን ተመልከቺ" ይለኛል።

እኔም ለደንበኛ ኮራል በምልክበት ጊዜ ማዕዘኑን ክብ ማድረግ ጀመርኩ። አንድም ቀን እጅሽን አየሁት አላለኝም።

አንድ የክረምት ጠዋት እጄን ሦስተኛው ገንዳ ውስጥ ከትቼ ውሃው ሞቋል አልኩ። ቴርሞሜትሩ ደህና ይላል። ዋልት እንደገና አየው፤ ደህና ይላል። አላመንኩትምና ሌላ ቴርሞሜትር አመጣሁ። እውነትም ማሞቂያው ተጣብቆ አልጠፋ ብሎ ነበር፤ የተበላሸው የመጀመሪያው ቴርሞሜትር ነው። ትንሽ ብንቆይ ገንዳው በሙሉ ይቀቀል ነበር። ዋልት ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ዛሬ ስለኔ ብቻ ሊናገር ነው ብዬ ጠበቅኩ። "ሎሳም እንዲህ ናት፤ ቴርሞሜትር አታምንም" አለ።

ሳጥኖቹን ከኤርፖርት የሚያመጣው ጋሼ መኮንን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የታወቀ ሽማግሌ ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። ሁኔታዬን አውቆብኝ ነበር። ቫኑን አስጠግቶ የኋላ በሩን ሲከፍት፣ "አስቴርዬ፣ ጣውንትሽ ደርሳለች፤ ውጪና ተቀበያት" ይለኛል።

"ጋሼ፣ ይተዉኝ እባክዎ። እርስዎ የሚሉትን ሰው እውነት ይመስለዋል።"

"እኔ ምን አልኩ? ሽማግሌው መጀመሪያ የማንን ከረጢት እንደሚያነሳ ሁላችንም እናያለን። ወይ እንደሷ እሰሪ፣ ወይ ቻይው።"

እየሳቅኩ ሳጥኑን እቀበለዋለሁ። ሳቁ የውሸት ነበር። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የእኔ ባሕር በርሜል ውስጥ ጨው እየመዘንኩ የማማስለው ውሃ ነው። እሷ በሩን ከፍታ ስትወጣ ባሕር አላት፣ የመንደር ስብሰባ ላይ ቆማ የምትናገርበት ቦታ አላት፣ ሪፉ እንዲዘጋ መጀመሪያ ተነስታ የተናገረች እሷ ናት። ያ ሁሉ ይኑራት፤ አልኩ። ኦቤትስ ያለውን አንድ ሽማግሌ ለምን አትተውልኝም?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልሂድ።

ከረጢት አከፋፈት ዋልት ካስተማረኝ ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ነው። እናት የሆነች ሰው ከረጅም መንገድ የመጣን ፍጡር ቀስ አድርጋ ልታላምደው ይቃጣታል። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ ጊዜ፣ ትንሽ ዕረፍት። ኮራል ላይ ግን ይህ ይገድላል። ሁለት ቀን በመንገድ ላይ ሲቆይ ቆሻሻው ከረጢቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ተዘግቶ እስካለ ድረስ ብዙም አይጎዳም፤ ከረጢቱ ተከፍቶ አየር ሲገባ ግን ውሃው ይለወጥና ያው ቆሻሻ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ከረጢቶቹን እንደታሰሩ ገንዳው ላይ አንሳፍፈን ሙቀታቸው እስኪስተካከል እንጠብቃለን። ከዚያ አንዱን ከፍቶ ኮራሉን ማውጣት፣ ማለቅለቅ፣ ገንዳ ማስገባት፤ ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚከፈተው። ይህን ዋልት ሳይሆን እኔ ነበርኩ ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው።

ያን ቀን ዋልት ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረውና ብቻዬን ነበርኩ። ከሳጥኑ ውስጥ ሃያ ሁለቱ ከረጢት የሎሳ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ዋልት ለአዲስ ደንበኛ ስለ ሥራችን ሲያስረዳ በአጠገቡ ቆሜ ነበር። "ሁለት እጅ ነው ያለን፤ አንዱ እዚያ ያለችው ሎሳ ናት" አለ። ሁለተኛው ማን እንደሆነ ሳይናገር ስልኩ ጮኸ፤ ወጣ፤ ወሬው በዚያው ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ።

የሷን ከረጢቶች በሁለት ረድፍ ደረደርኳቸው። ዛሬ አንድ እንከን አገኝባታለሁ አልኩ። የተሰበረ ጫፍ፣ የተደበቀ ትል፣ በደንብ ክብ ያልሆነ ስፖንጅ፣ ምንም ይሁን። የመጀመሪያውን ከፈትኩ፤ ወደ መብራቱ አነሳሁ፤ አገላብጬ አየሁ። ምንም የለም። ወደ ቦታው መልሼ ሁለተኛውን ከፈትኩ። በሦስተኛው ላይ እየተናደድኩ ሄድኩ። ባላገኘሁ ቁጥር የሚቀጥለው ላይ አለ እያልኩ ሃያ ሁለቱንም ከፈትኩ። ስፖንጆቹን በጣቴ ዙሪያቸውን ዳሰስኩ። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት ሳይ የመጀመሪያው ከረጢት ከተከፈተ አርባ ደቂቃ ሆኖታል።

ከዚያ በኋላ እጄ ምን ያህል እንደፈጠነ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን። አልጠቀመም። በማግሥቱ ጠዋት ሥጋቸው እንደ ንፍጥ እየተላቀቀ ነጭ አጥንታቸው ብቻ ቀረ። ከሃያ ሁለቱ የተረፉት ሦስት ናቸው። የሌሎቹ ሴቶች ኮራል አጠገባቸው ደህና ነበር፤ እነሱን በሥርዓቱ አንድ በአንድ ነበር የከፈትኳቸው።

ዋልት መጣ። ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠ። የሞቱትን አንድ በአንድ አየና፣ "ስትከፍቺያቸው ሽታቸው እንዴት ነበር?" አለኝ።

"መጥፎ ነበር" አልኩት።

አንድ ቃል ናት። ከአንድ ቃል በኋላ ሌላው ቀላል ነው። ወረቀቱን አነሳሁ፤ በአሥራ አራት ቁጥር ፊት፣ ሞቶ የደረሰ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ብዬ ሞላሁ። የምክንያቱ ዓምድ ላይ ሲደርስ እርሳሴ ትንሽ ቆመ። የአየር ጭነት የሚከፈለው በክብደት ስለሆነ ውሃ ቀንሰው የሚያሽጉ ሰዎች እንዳሉ ዋልት ነግሮኝ ያውቃል። "ውሃ ያነሰ" ብዬ ጻፍኩ። እሁድ ሳራ ገለበጠችው። ሄደ።

በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወሬው ተመለሰ። የመንደሩ ኮሚቴ ሎሳን ከማሸግ አንስቶ የብረት አልጋዎቹን ቆሻሻ ፍቅፈቃ ላይ አድርጓታል። ለጭነት ብላ ውሃ የምትቀንስ ሴት የመንደሩን ስም ታጠፋለች ብለው ነው። ይህን ዋልት ሲነግረኝ ደስ አለኝ። እዚህ ላይ ደግሜ መዋሸት አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ደስታው እስከሚቀጥለው ሳጥን ቆየ። ሳጥኑ ሲመጣ ስፖንጁ ሁሉ ባለማዕዘን ነው፤ ከከረጢቶቹ ግማሹ አንጠባጥቦ ካርቶኑ ርሷል። ዋልት እርጥቡን ካርቶን በእጁ ይዞ፣ "ሎሳ ብትኖር" አለ። ከሥራዋ አስነስቻት እንኳን ስሟን ከአፉ ማውጣት አልቻልኩም።

ከዚያ የባሰው መጣ። ዓመታዊው ስብሰባ ተቃርቧል። ሪፉ ይከፈት የሚሉት ወጣቶች፣ ኮራሉ እየሞተ የሚደርስ ከሆነ ባሕራችንን ዘግተን የምንጠብቀው ለማን ነው ይላሉ። መልስ ስትሰጥ የኖረችው ሎሳ ነበረች። አሁን ተነስታ ስትናገር፣ "ውሃ ቀናሿ፣ ተቀመጪ" ይሏታል። ዋልት ይህን የነገረኝ ምሳውን ቆሞ እየበላ ነው። ሳንድዊቹን ሳይጨርስ አስቀመጠው። አንድ ጊዜ ከተከፈተ በአንድ የማጥመጃ ወቅት ይጠርጉታል፤ እስኪመለስ ደግሞ የአንድ ልጅ ዕድሜ ይፈጃል አለኝ።

ማታ እራት ላይ ለሳራ አወራኋት። ሎሳን ውሃ ቀንሳለች ብለው እንዳነሷት እንደ ሰው ወሬ አድርጌ ነው የነገርኳት። ሳራ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሹካዋን አስቀመጠችና አየችኝ።

"ግን ማሚ፣ ያን ቀን ሁሉንም ከፍቼ አየሁ፣ አንድ እንከን አጣሁባት ብለሽኝ ነበር። ተናደሽ ነበር።"

"እኔ?"

"የስ። እዚሁ ቁጭ ብለሽ።"

ረስቼው ነበር። ቅናቴን ቤቴ ድረስ ይዤ ገብቼ ለልጄ አውርቼያለሁ፤ ያወራሁት ነገር ለፍርድ ይበቃል። ሥራዬን እንደማጣ ነገርኳት። አባቷ ብቻውን የቤቱን ኪራይ እንደማይችል ነገርኳት። እንግሊዝኛዬ እንደዚህ ሆኖ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል አልኳት። ሁሉንም ሰማችኝ። "ማሚ፣ ጀስት ቴል ሂም" አለችኝ፤ በቃ ንገሪው ማለቷ ነው። ሳህኗን አንስታ ሄደች።

በማግሥቱ ዋልት ጃኬቱን ሳያወልቅ ነገርኩት። አንድ በአንድ ነገርኩት፤ አርባ ደቂቃውን፣ ሽታውን፣ ዓምዱን። ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ያን ጊዜ ያየው ግን ገንዳውን አልነበረም፣ እኔን ነበር። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ይቅርታ የምትጠይቂው እኔን አይደለም፤ አዲስ ወረቀት አምጪ አለኝ። በእጄ ሞላሁት። ደህና የደረሰ፣ ሃያ ሁለት። እዚህ የሞተ፣ አሥራ ዘጠኝ። ምክንያት፣ ተከፍቶ የቆየ፣ አርባ ደቂቃ፣ አስቴር።

ዋልት አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱ ብቻውን ቢሄድ ሎሳን ለማዳን የተጻፈ ይመስላቸዋል፤ ስብሰባው ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው፤ ከአንቺ አፍ ትስማው አለ። ከሰዓት በኋላ፣ እዚያ ሲነጋ፣ ቪዲዮ ኮል አደረገላት። ጉዳዩን በሁለት ቃል ነግሯት ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠና ወደ ፓምፖቹ ሄደ።

በፎቶ እንጂ ስትንቀሳቀስ አይቻት አላውቅም ነበር። ከጠበቅኳት ታንሳለች፤ ፀጉሯ እርጥብ ነው፤ በእጇ አንድ የፍቅፈቃ ብሩሽ ይዛለች። ከጀርባዋ ባሕሩ ነበር። በዚያች ሰዓት እንኳን ቀናሁ። የሷም እንግሊዝኛ እንደኔው የተሰባበረ ስለሆነ ተግባባን።

"ስንት ደቂቃ?" አለችኝ።

"አርባ።"

"ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከፍተሽ?"

"ሁሉንም።"

"ዋልት አላስተማረሽም?"

"አስተምሮኛል። እኔም ሌላ ሰው አስተምራለሁ።"

ብሩሹን አስቀመጠችው። "ታዲያ ለምን?"

ደክሞኝ ነበር ልል እችል ነበር። ስልክ ተደወለልኝ ልል እችል ነበር። ዓይኗ ግን ከረጢት ወደ መብራት አንስቶ እንደሚያይ ሰው ዓይን ነበር።

"ጥፋት እየፈለግኩብሽ ነበር" አልኳት።

ዘወር ብላ ከጎኗ ላለ ሰው በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች። የሚስቅ ድምፅ ሰማሁ፤ እሷ አልሳቀችም። ተመልሳ አየችኝ።

"አገኘሽ?"

"አላገኘሁም።"

"እሱንም ጻፊው" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

የምክንያቱ ዓምድ ሞልቶ ስለነበር ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጻፍኩት። ከረጢቶቹን የከፈትኩት ጥፋት ፍለጋ ነው፤ ምንም አላገኘሁም። እንግሊዝኛው ጠማማ ነበር። ዋልት ፎቶ አንስቶ እንዳለ ላከው፤ ሳራ አልገለበጠችውም።

ከስብሰባው በኋላ የሆነውን ዋልት ነው የነገረኝ። ወረቀቱን ተነስታ ያነበበችው ሎሳ ራሷ ናት። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ሰዉ ስቆ ስቆ አስደገማት። ሪፉ እንደተዘጋ እንዲቆይ ተወሰነ፤ እሷም ወደ ማሸግ ተመለሰች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ፣ እዚያ ኦሃዮ ያለችው ሴት ከእንግዲህ ከረጢታችንን መንካት የለባትም፣ በሌላ ሰው ትተካ አለ። ብዙዎቹ ልክ ነው አሉ። ልክም ነበር። ዋልት እዚህ ላይ ሲደርስ፣ እኔ ሥራዬ እንዳለቀ ገብቶኝ ጓንቴን ማውለቅ ጀምሬ ነበር።

ሎሳ ግን፣ "እሷ ትቀጥል። ከረጢቶቼን እንደሷ አድርጎ ያየ ሰው የለም" አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመት የሎሳን ከረጢት የከፈትኩት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ዋልት ይህን ሲነግረኝ ጓንቱን መልሼ እያጠለቅኩ ነበር፤ ያኔም ቀናሁባት። እኔ በሷ ቦታ ብሆን እንዲያ አልልም ነበር።